ድሬዳዋ፣ ልጅነትና የካሳ ሕግ

ሰው ያደገበትን ከተማ ከረጅም ዓመታት በኋላ ሲጎበኝ መጀመሪያ የሚፈልገው የኖረበትን ቤት ነው። ይህ ጸሐፊም ባለፈው ጥር ለሥራ ጉዳይ ድሬዳዋ በሄደበት ወቅት ያደረገው ይህንኑ ነው። ለገሃሬ አካባቢ፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበረው አባቴ ተከራይቶት የነበረው ግቢ አልጠፋም። በሩ ላይ ግን በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል።

ከጎረቤቶቻችን የቀሩት አንዲት እናት ናቸው። “የማን ልጅ ነህ?” አሉኝ። የአባቴን ስም ስነግራቸው እጄን ይዘው አስቀመጡኝ። “እርስዎ እንዴት ነዎት?” ብላቸው ሳቁብኝ፤ “አቦ፣ አንቱ ማለቱን ከየት አመጣኸው? አዲስ አበባ አበላሽታሃለች!” አሉ። በድሬ ትልቁም ትንሹም “አንተ” እና “አንቺ” ነው የሚባባለው። ቀጥለውም፣ “ሕግ ተምሯል ሲሉ ሰምቻለሁ። ልንነሳ ነው፣ ተመዝግበናል። ቤቱ እንደሁ የእኔ አይደለም። ታዲያ ምን ይገባኛል?” ሲሉ ጠየቁኝ።

ለመሆኑ ምን ይገባቸዋል? ጥያቄውን ለመመለስ ጎረቤታሞች ያደረገን ምን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

እንደሚታወቀው ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ወደ ሐረር እንዲያልፍ ቢታሰብም ተራራው አስቸጋሪ በመሆኑ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ካለው ሜዳ ላይ ደረሰ። ከተማዋም በመጀመሪያ “አዲስ ሐረር” ተብላ ነበር። ከደቻቱ ወንዝ በአንድ በኩል በቀጥተኛ ጎዳናዎቿና በዛፎቿ ጥላ የምትታወቀው ከዚራ፣ በሌላው በኩል ጠባብ መንገዶች ያሏት መጋላ አደጉ። ባቡሩ ሥራ ፍለጋ የመጣውን ሁሉ አንድ ላይ ሰበሰበው። በእኛ ግቢ ውስጥ ብቻ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ ይነገር ነበር።

የሰበሰበን ባቡሩ ቢሆንም አንድ ላይ ያቆየን ግን ሕግ ነው። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር ያልበለጠ ቤቶች በቀበሌ እንዲተዳደሩ ተደረገ፣ የአነስተኛ ቤቶች ኪራይም ቀነሰ። አዋጁ ቤታቸውን በተወሰደባቸው ሰዎች ላይ ያደረሰው በደል ራሱን የቻለ ርዕስ ነው። ለተከራዩ ግን ማንም ሳያስበው አንድ ነገር አስገኘ፤ በአንድ ግቢ ለአሥርት ዓመታት አብሮ መኖርን። ዕድሩ፣ ዕቁቡ፣ “ልጄን ያዝልኝ” የሚባልበት ደጅ ሁሉ የተሠራው የማንም ባልሆነ ቤት ውስጥ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ብዙ አይታለች። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ቀጠፈ። አሮጌው ባቡር እየተዳከመ ሄዶ ቆመ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ ጣቢያው ከመሐል ከተማው ወጣ ያለ በመሆኑ የልጅነታችን ለገሃር የመንገደኛ ግርግር የለበትም።

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ ልመለስ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ እንዲከፍል ያዛል። ችግሩ “ንብረት” የሚለው ላይ ነው። የቀድሞው የካሳ አዋጅ ቁጥር 455/1997 በዋናነት የሚቆጥረው በመሬቱ ላይ የሰፈረውን ንብረትና የተደረገውን ቋሚ ማሻሻያ ነበር። ጎረቤት በሒሳቡ ውስጥ ዋጋው ዜሮ ነበር ማለት ነው። ይህን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ግን ከአካባቢው ርቆ ለሚሄድ ተነሺ የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና የሥነ ልቦና ጉዳት ካሳ የሚባል ነገር አካተተ። ሕጉ ሰፈር ማጣት ራሱ ጉዳት መሆኑን በግልጽ ማመኑ ትልቅ እርምጃ ነው።

ለቀበሌ ቤት ተከራዮች በተለመደው አሠራር ምትክ የኪራይ ቤት ወይም የጋራ መኖሪያ ቤት የመግዛት ዕድል ይሰጣል። በእኔ እምነት ግን ጉዳዩ እዚህ ላይ ሊያበቃ አይገባም። ግድግዳ ባለቤት አለው፤ ጉርብትና ግን የተከራዩም የባለይዞታውም እኩል ነው። ስለዚህ የትስስር መቋረጥ ካሳ ሲታሰብ ሃምሳ ዓመት የኖረ ተከራይ “ቤቱ ያንተ አይደለም” ተብሎ መታለፍ የለበትም።

ደግሞም ገንዘቡ ለየብቻ ይከፈላል እንጂ የጠፋው ነገር የጋራ ነው። አሥር አባወራ አሥር ቦታ ከተበተነ አሥሩም ካሳ ቢያገኙ ዕድሩ አይመለስም። በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ሌሎች ከተሞችም በደረሰበት በዚህ ወቅት ከካሳው ይልቅ ርካሹ መፍትሔ የአንድ ግቢ ሰዎችን አንድ ቦታ ማስፈር ነው። ይህ የበጀት ሳይሆን የዝርዝር አያያዝ ጉዳይ ነው፤ ምዝገባው በግለሰብ ብቻ ሳይሆን በግቢና በዕድርም ቢካሄድ ይቻላል።

ለእናታችን ይህንኑ ነገርኳቸው። “ማመልከቻ ስትጽፉ ለየብቻ አትጻፉ፤ አብረን እንስፈር በሉ” አልኳቸው። ዝም ብለው አዳመጡኝና፣ “አንተ ጻፈው፣ እኛ እንፈርማለን” አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ሆጃ እየጠጣን ጻፍኩት። ስድስት ሰዎች ፈረሙበት። ቤቱን ፍለጋ ሄጄ ያገኘሁት እነዚህን ስድስት ሰዎች ነው። ቤቱ ቢፈርስ እንኳ በሚቀጥለው ጉዞዬ ላገኛቸው የምሻው አንድ ላይ ነው።