የፍለጋ ውጤት ቅደም ተከተልና የሞዴሎች ሥልጠና

አንድ ተገልጋይ ስለ ንግድ ፈቃድ እድሳት በኢንተርኔት ሲፈልግ፣ ተገቢው ሰነድ በሥርዓቱ ውስጥ መኖሩ ብቻ በቂ አይደለም። ሰነዱ ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች ካልተገኘ በተግባር እንደሌለ ይቆጠራል። በመሆኑም የፍለጋ ሥርዓት ጥራት የሚለካው ትክክለኛው መልስ በስንተኛ ደረጃ ላይ ተቀመጠ በሚለው ነው።

ለዚህ ተግባር በስፋት ከሚያገለግሉት መለኪያዎች አንዱ ኤንዲሲጂ ይባላል። ስሙ ለብዙዎች እንግዳ ቢሆንም ሐሳቡ ቀላል ነው። ከላይ የተቀመጠ ጠቃሚ ሰነድ ከፍተኛ ዋጋ ያገኛል፤ ደረጃው ዝቅ ባለ ቁጥር ዋጋው ይቀንሳል፤ ፍጹም የሆነ ቅደም ተከተል 1 ያስገኛል።

ችግሩ የሚጀምረው ሞዴሉን በዚሁ መለኪያ ለማሠልጠን ሲሞከር ነው። ሞዴሉ ለእያንዳንዱ ሰነድ ነጥብ ይሰጣል፤ ሰነዶቹም በነጥባቸው ይደረደራሉ። ሥልጠናው የሚካሄደው ነጥቦቹን በጥቂት በጥቂቱ በማሻሻል ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ትንሽ ለውጥ ውጤቱን ማሻሻሉ ወይም ማበላሸቱ መታወቅ ይኖርበታል። ይሁን እንጂ 2.3 ነጥብ ካለው ሰነድ ቀጥሎ የሚገኘው ሰነድ ነጥቡ ከ2.1 ወደ 2.2 ቢያድግ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፤ መለኪያውም ባለበት ይቆያል። 2.3ን ባለፈ ቅጽበት ግን መለኪያው በአንድ ጊዜ ይዘላል። እንዲህ ያለ መለኪያ ለሥልጠናው አቅጣጫ ሊያመለክት አይችልም።

ቀደም ሲል ከተወሰዱት መፍትሔዎች አንዱ ሰነዶችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ በማነጻጸር፣ በተገላቢጦሽ የተቀመጡ ጥንዶችን መቀነስ ነበር። አሠራሩ አሳማኝ ቢመስልም ተገልጋዩን ሊጎዳ ይችላል። ከ10 ሰነዶች ጠቃሚዎቹ 2 ብቻ ናቸው እንበል። በ1ኛና በ10ኛ ደረጃ ቢቀመጡ የተገላበጡት ጥንዶች 8 ይሆናሉ፤ በ4ኛና በ5ኛ ቢቀመጡ ደግሞ 6። በጥንድ ቆጠራ ሁለተኛው ዝርዝር ይሻላል። በኤንዲሲጂ ግን የመጀመሪያው 0.79፣ ሁለተኛው 0.50 ያገኛል፤ መልሱን ከመጀመሪያው መስመር የሚጠብቅ ሰውም የሚመርጠው የመጀመሪያውን ነው።

የማይክሮሶፍት ተመራማሪ የነበሩት ክሪስ በርጀስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ላምዳራንክ የተሰኘውን ስልት ይፋ አደረጉ። በዚህ ስልት ጥንዶች እኩል አይቆጠሩም። ሁለቱ ሰነዶች ቦታ ቢለዋወጡ ኤንዲሲጂ በምን ያህል እንደሚለወጥ ይሰላል፤ ሞዴሉን ለማስተካከል የሚደረገው ግፊትም በዚያው ልክ ይመዘናል። ለምሳሌ በ1ኛና በ2ኛ ደረጃ መካከል የሚደረግ ልውውጥ በ9ኛና በ10ኛ መካከል ከሚደረገው ተመሳሳይ ልውውጥ ከ30 እጥፍ በላይ ይመዝናል። ስልቱ ከውሳኔ ዛፎች ጋር ተጣምሮ ላምዳማርት የተባለውን አስገኝቷል፤ በርጀስና ባልደረቦቻቸውም እ.ኤ.አ. በ2010 ያሁ ባዘጋጀው ውድድር በአንደኛው ዘርፍ ሲያሸንፉ ተጠቅመውበታል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን የትኛው ሰነድ ለየትኛው ጥያቄ ጠቃሚ እንደሆነ አስቀድሞ በሰው ከተፈረደ ነው። የአማርኛ ፍለጋ ሥርዓትን በዚህ መንገድ ለማሠልጠንም በአማርኛ ጥያቄዎችና ሰነዶች ላይ የተሰጠ ፍርድ ያስፈልጋል፤ ፍርዱም «ሥራ» ብሎ የጻፈውንና «ስራ» ብሎ የጻፈውን ተገልጋይ እኩል የሚያስተናግድ መሆን ይኖርበታል።