ለቱርቦ ካሚዮን የሚስማማው የጭስ ቱቦ ስፋት

ከምጽዋ ወደብ እስከ አሥመራ ያለው መንገድ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ርቀት ውስጥ የጭነት መኪና ከባሕር ጠለል ተነሥቶ፣ በጊንዳዕና በነፋሲት አልፎ፣ ከ2300 ሜትር በላይ ይወጣል። ነጋዴው የሚቈጥረው ኪሎ ሜትሩንና ኩንታሉን ነው፤ ሞተሩ ግን የሚቈጥረው ሌላ ነገር፣ ይኸውም የሚስበውን አየርና የሚያስወጣውን ጭስ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ ጭሱ መውጫ ነው። ጉዳዩ ለመካኒክ ብቻ የሚተው ይመስላል፤ ነገር ግን ሒሳቡን የሚከፍለው ባለንብረቱ፣ የመንግሥትን መኪና አስጠግኖ በወረቀቱ ላይ የሚፈርመውም ሹሙ ስለ ሆነ፣ ስለ ምን እንደሚከፍሉ ቢያውቁ አይጐዱም።

በየጋራዡ የሚሰማው ምክር ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ወገን «ቱቦው በሰፋ ቍጥር ጕልበት ይጨምራል» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ሞተር ጥቂት መታፈን ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ ኀይሉ ይበተናል» ይላል። ሁለቱም እንደ ሕግ ይነገራሉ፤ ለቱርቦ ናፍጣ ሞተር ግን ሁለቱም አይሆኑም። የሁለተኛው አባባል መነሻ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ነው። በዚያ ሞተር ላይ ቱቦው መጠነኛ ጠባብ ሲሆን ጭሱ በፍጥነት ይሮጣል፤ ሩጫውም ከሲሊንደሩ የቀረውን ጭስ አብሮ ይስባል። እንግዲህ የጠቀመው መታፈኑ ሳይሆን የጭሱ ሩጫ ነበር። ቱርቦ ባለበት ግን ይህ ሩጫ በቱርቦው ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቱቦ የሚያደርገው ሥራ ጭሱን ሳያደናቅፍ፣ ድምፁንም አብርዶ፣ ከሰውና ከጭነት አርቆ መጣል ብቻ ነው።

ወደ ቍጥሩ ከመግባታችን በፊት አንድ የቃል ነገር ማጥራት ያስፈልጋል፤ በቃል ሥራ የሚኖር ሰው ይህን ዝም ብሎ ማለፍ ያቅተዋል። ማርሚታ የሚለው ቃል ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው። በዚያ ቋንቋ ቀድሞ ትልቅ የማብሰያ ድስት ማለት ሲሆን፣ በኋላ ድምፅ ለሚያበርደው በርሜል መጠሪያ ሆነ። በእኛ ጋራዦች ግን ከቱርቦው አፍ ጀምሮ እስከ ጭራው ያለው ሁሉ ማርሚታ ይባላል። ከዚህም የተነሣ ባለንብረቱ «ማርሚታው ይቀየር» ሲል ሁሉንም ማለቱ ነው፤ መካኒኩ በርሜሉን ብቻ ይቀይራል፤ ሒሳብ በሚደረግበት ቀን ጠብ ይነሣል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ቱቦ ስንል ቧንቧውን፣ ማርሚታ ስንል በርሜሉን ብቻ ነው።

ቱርቦ በአንድ ዘንግ ላይ የተተከሉ ሁለት መዘውሮች ናቸው። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንደኛውን ያሽከረክራል፤ ሁለተኛውም አብሮ እየዞረ አየር ጠቅጥቆ ወደ ሲሊንደሮቹ ይልካል። የዚህን አሳብ የፈጠራ መብት የስዊስ ተወላጅ የሆነው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1905 አስመዘገበ። በ1938 የስዊሱ ሳውረር ፋብሪካ ለጭነት መኪና የሚሆን የቱርቦ ናፍጣ ሞተር አወጣ፤ ቮልቮም በ1954 ቲታን በተባለው ካሚዮኑ ላይ ቱርቦ አደረገበት። የውኃ ወፍጮ ያየ ሰው የነገሩን ምሥጢር በቀላሉ ይረዳዋል። ከወፍጮው በታች ያለው መውረጃ ተደፍኖ ውኃው ቢተኛ፣ ከላይ የሚመጣው ውኃ ምንም ያህል ቢበዛ መዘውሩ ይለግማል። የጭሱም መዘውር እንዲሁ ነው፤ የሚሠራው ከፊቱ ባለው ግፊትና ከኋላው ባለው ግፊት መካከል በሚገኘው ልዩነት ነው። ከኋላው ያለው ግፊት ሲጨምር አየር ያንሳል፤ አየር ሲያንስ ናፍጣው በሚገባ አይቃጠልም፤ ጭሱ ይጠቍራል፤ ሙቀቱ ይወጣል፤ ጕልበቱ ይወርዳል። ይህን ግፊት የኋላ ግፊት እንበለው።

አሁን በምሳሌ እናስላ። በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ በብዛት የሚታየው ባለ 371 ፈረስ ጕልበት ሲኖትራክ፣ ደብሊው ዲ 615.47 የተባለው ሞተሩ 9.7 ሊትር ነው፤ ሙሉ ጕልበቱን የሚሰጠውም በደቂቃ 2200 ጊዜ ሲዞር ነው። ባለ አራት ምት ሞተር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ስለሚሞላ፣ በደቂቃ 1100 ሙሌት፣ ማለት 10.7 ኩብ ሜትር ያህል አየር ይውጣል። ይህ አየር በቱርቦው ከእጥፍ በላይ የተጠቀጠቀ ነው። ከቱርቦው ሲወጣም ጥቅጥቁ ይፈታል፤ 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀትም ይዞ ይነፋል። በግምት ሒሳብ በደቂቃ 53 ኩብ ሜትር ይሆናል። ወርዱና ርዝመቱ አራት አራት ሜትር፣ ቁመቱ ሦስት ሜትር የሆነ ክፍል በያንዳንዱ ደቂቃ ከሚይዘው የበለጠ ጭስ በአንድ ቧንቧ ውስጥ ማለፍ አለበት ማለት ነው።

የውስጥ ስፋቱ አራት ኢንች ያህል፣ ማለት 10 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቱቦ ይህ ጭስ በሴኮንድ 112 ሜትር ይሮጣል፤ በአምስት ኢንች 72 ሜትር፤ በስድስት ኢንች 50 ሜትር። ቱቦው አምስት ሜትር ርዝመት፣ ሦስት ቅልምጫና አንድ ደኅና ማርሚታ ቢኖረው፣ የኋላ ግፊቱ በአራት ኢንች 1 ሜትር ከ30 የውኃ ቁመት፣ በአምስት ኢንች 54 ሳንቲ ሜትር፣ በስድስት ኢንች 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በውኃ ቁመት የለካነው፣ ወደ ኋላ እንደምናሳየው፣ ባለንብረቱ ራሱ ሊለካው ስለሚችል ነው። ብዙዎች የሞተር ሠሪዎች ለእንዲህ ያለው ሞተር የሚፈቅዱት እስከ አንድ ሜትር ገደማ ነው፤ የገዛ መኪናዎ መጽሐፍ ሌላ ቍጥር ቢሰጥ ግን የሚከበረው የመጽሐፉ ነው። እንግዲህ አራት ኢንች አይበቃም፤ አምስት ይበቃል። ስድስት የሚያተርፈው ጥቂት ሲሆን ክብደቱ፣ ዋጋውና ጩኸቱ ይጨምራል፤ ከሻንሲው በታችም ቦታ ያጣብባል። ከአራት ወደ አምስት መሄድ በቱቦው ግድግዳ ያለውን ሰበቃ ወደ ሢሶ ያወርደዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚቀረው እንቅፋት በአብዛኛው የማርሚታውና የቅልምጫው ነው።

ለሌሎችም መኪናዎች በዚሁ ዐይነት ስሌት በግምት ሲታይ፣ ለባሕር ዳርና ለቈላ መንገድ እስከ 150 ፈረስ ጕልበት ሦስት ኢንች፣ እስከ 275 አራት፣ እስከ 450 አምስት ኢንች ይስማማል። ይህ ለመነሻ የሚሆን ሚዛን እንጂ የፋብሪካ ትእዛዝ አይደለም።

ነገር ግን ከላይ ያሰላነው ሁሉ በባሕር ጠለል ነው። በአሥመራ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከምጽዋው ሩብ ያህል ይጐድላል። ቱርቦው የጐደለውን አየር አብዝቶ በመዞር አብዛኛውን ይተካል፤ መካኒኮች የሚረሱት ግን ያ አየር ጭስ ሆኖ ሲወጣ ወደ ሳሳ አየር ስለሚወጣ ይበልጥ መንፋቱን ነው። የጭሱ ክብደት ያው ቢሆን ስፋቱ በሲሶ ገደማ ይጨምራል፤ የኋላ ግፊቱም በዚያው ልክ። ስለዚህ በአራት ኢንች የነበረው 1 ሜትር ከ30፣ ሞተሩ ሙሉ ጕልበቱን ቢሰጥ፣ 1 ሜትር ከ70 ይደርሳል፤ በአምስት ኢንች ግን 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ በልኩ ውስጥ ይቈያል። ከደብረ ሲና በላይ ጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ስለ ሆነ ነገሩ ከዚያም ይከፋል። እንግዲህ ቱቦ የሚመረጠው መኪናው በተገዛበት ወደብ ሳይሆን ጭነት ይዞ በሚወጣበት ከፍተኛ ቦታ ነው። ከላይ በሰጠነው ሚዛን ላይ ድንበሩ አጠገብ ያለ መኪና ደጋ የሚመላለስ ከሆነ አንድ ኢንች ከፍ ማድረግ ይገባዋል።

ሌላው ገንዘብ የሚያባክነው ነገር የጠበበው ስፍራ ነው። ከጭራው ስድስት ኢንች የሚያብረቀርቅ ቧንቧ ተገጥሞለት፣ ከቱርቦው ሥር ያለው ቅልምጫ አራት ኢንች ሆኖ የቀረ ካሚዮን በየመንገዱ ይታያል። ይህ ለዐይን የተከፈለ ገንዘብ ነው። ቅልምጫው በጕልበት ሲታጠፍ ይጨፈለቃል፤ የአምስት ኢንች ቱቦ ከስፋቱ ሢሶ ያህል በመጨፍለቅ ቢያጣ፣ በዚያ ስፍራ አራት ኢንች ሆነ ማለት ነው። ሙያተኛው ቱቦውን በአሸዋ ጠቅጥቆና በእሳት አግሎ ያጥፈዋል፤ አሸዋው ግን ፍጹም የደረቀ መሆን አለበት፤ እርጥበት ካለው እንፋሎቱ ቱቦውን ሊያፈነዳውና ሰው ሊጐዳ ይችላል። አለዚያም ቍርጥራጮቹን በማጋደል ቈርጦ መበየድ ይሻላል።

መለካቱ እንዲህ ነው። ከቱርቦው በኋላ ቀጥ ባለው ቱቦ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተበስቶ ዳዶ ይበየድበታል። ከዳዶው ጭሱ እንዲበርድ ሁለት ሜትር ያህል ቀጭን የመዳብ ቱቦ፣ ከመዳቡም ውስጡ የሚታይ የላስቲክ ቱቦ ይቀጠላል። የላስቲኩ ቱቦ በጣውላ ላይ በፊደላችን በሀ ቅርፅ ይታሰራል፤ ሁለቱ እግሮቹ 1 ሜትር ከ20 ሆነው እስከ እኩሌታቸው ቀለም የገባበት ውኃ ይሞላባቸዋል። ክፍት የሆነው አፍ በመስኮት ወደ ውጭ ይውጣ፤ ውኃው ተገፍቶ ቢወጣ ጭሱ ነጂውን እንዳይመርዘው። ከዚያ መኪናው ሙሉ ጭነቱን ይዞ ዳገት ሲወጣ፣ ቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻ ተረግጦ፣ ረዳቱ በሁለቱ የውኃ ከፍታዎች መካከል ያለውን ልዩነት ያነባል። ቆሞ በባዶ ማስጮኽ ዋጋ የለውም፤ ሞተሩ ካልተጫነ ቱርቦው አይጠቀጥቅም፤ ጭሱም ጥቂት ነው። ውኃው ከአፉ ከፈሰሰ ቱቦው፣ ወይም ማርሚታው፣ ያለ ጥርጥር አፍኖታል። የግፊት መለኪያ ያለው ጋራዥ ይህን ሁሉ ድካም ያስቀርልዎታል።

ልዩነቱ 50 ወይም 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ሳለ መኪናው ጥቍር ጭስ ቢተፋ፣ ጥፋቱ የቱቦው አይደለም። የአየር ማጣሪያው ተደፍኖ፣ በቱርቦውና በሞተሩ መካከል ያለው ቧንቧ አየር አፍስሶ፣ ወይም አንድ ሰው ጕልበት እጨምራለሁ ብሎ የናፍጣ ፖምፓውን ከልኩ በላይ ለቆት ይሆናል። እንዲህ ባለው ጊዜ አዲስ ቱቦ መግጠም ራስ ለሚያመው ሰው ጫማ እንደ መቀየር ነው። ጭስን የሚያጣሩ መሣሪያዎች ከፋብሪካ የተገጠሙላቸው አዲሶቹ መኪናዎች ደግሞ ቱቦዎቻቸው ከነመሣሪያዎቹ አብረው የተለኩ ስለ ሆኑ መንካት አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ግን የቍልቍለቱ ነገር ነው። በብዙ ከባድ ካሚዮኖች ላይ ከቱርቦው በኋላ ባለው ቱቦ ውስጥ ነጂው የሚዘጋው መዝጊያ አለ፤ ነጂዎች የሞተር ፍሬን ይሉታል። ሲዘጋ ጭሱ ታፍኖ ፒስቶኖቹን ይቃወማል፤ መኪናውም ያለ ጎማ ፍሬን ይገታል። ዳገት ላይ ጠላታችን የነበረው የኋላ ግፊት ቍልቍለት ላይ ወዳጅ ሆነ ማለት ነው። ቱቦ የሚያሰፋ መካኒክ አንዳንድ ጊዜ ይህን መዝጊያ «ጠባብ ነው» ብሎ ይጥለዋል፤ ወይም በሰፊ ቱቦ ውስጥ ዙሪያው ክፍት ሆኖ እንዲቀመጥ ያደርገዋል። መኪናው ሲወጣ ደስ ያሰኛል። ሲመለስ ግን ከአሥመራ እስከ ነፋሲት ባለው ጠመዝማዛ መንገድ ክብደቱ ሁሉ በጎማዎቹ ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ቢረገጥም አይዝም። ስለዚህ መስፋት ያለበት ከመዝጊያው በኋላ ያለው ነው፤ መዝጊያውና እስከ እርሱ ያለው ክፍል በፋብሪካው ልክ ይቈይ፤ መጋጠሚያውም ጭስ አያፍስስ።

የአገጣጠሙን ነገር በአጭሩ ብንናገር፣ አራት ሜትር ብረት ሙቀቱ በ400 ዲግሪ ሲጨምር ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ስለዚህ በሞተሩና በሻንሲው መካከል የሚተጣጠፍ ቍራጭ ሊኖር፣ የቱቦውም ክብደት በሻንሲው ላይ እንጂ በቱርቦው ላይ እንዳይንጠለጠል ያስፈልጋል፤ ቱርቦ የሚሰነጠቅበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከናፍጣ ታንከር፣ ከጎማ፣ ከፍሬን አየር ቧንቧና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ይራቅ፤ ማራቅ ካልተቻለ በመካከሉ የላሜራ ጋሻ ይደረግ።

ለጋራዥ በሚሰጠው ትእዛዝ ወይም በመንግሥት የጨረታ ወረቀት ላይ «ትልቅ ማርሚታ» ብሎ መጻፍ ለክርክር በር መክፈት ነው። የሚጻፈው የውስጥ ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ የብረቱ ውፍረት፣ የቅልምጫው ብዛትና አሠራር፣ የማርሚታው መግቢያና መውጫ ልክ፣ የሞተር ፍሬኑ መዝጊያ እንዳይነካ የሚል ቃል ነው። ከሥራው በፊትና ከሥራው በኋላ፣ በአንዱ ዳገትና በአንድ ዐይነት ጭነት የተለካው የውኃ ቁመትም ሁለቱ ቍጥሮች በደረሰኙ ላይ ይስፈሩ፤ ቀሪው ሒሳብ የሚከፈለው ከሁለተኛው ልክ በኋላ ነው።