ክትባትና ትምህርት ቤት በአዊ

ስለ ክትባት ጥቅም ለዚህ መጽሔት አንባቢ መተረክ አያስፈልግም። የምንመለከተው መድኃኒቱን ሳይሆን መድኃኒቱና ልጁ የሚገናኙበትን ስፍራ ነው።

በ2008 ዓ. ም. በመላው አገር በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከ12 እስከ 23 ወር ከሆናቸው ሕፃናት መሠረታዊውን ክትባት ሁሉ ያገኙት ከመቶ 39 ብቻ ነበሩ። እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ግን ሌላ ቍጥር ነው። አምስት በሽታዎችን በአንድነት ከሚከላከለው ክትባት የመጀመሪያውን የተወጉት ከመቶ 73 ሲሆኑ፣ ሦስተኛውን የተወጉት ከመቶ 53 ናቸው። እንግዲህ ብዙዎቹ እናቶች አንድ ጊዜ መጥተዋልና ክትባትን ጠልተዋል ማለት አይቻልም፤ እንደሚመስለን የከበደው መመላለሱ ነው። እንጅባራና ዳንግላ በአውራው መንገድ ላይ ይገኛሉ፤ ከመንገዱ ርቆ ባለው ቀበሌ ግን በክረምት ጭቃ ሕፃን አዝሎ መሄድ ምን እንደሆነ ያየ ሰው በእናቲቱ አይፈርድም።

ትምህርት ቤት በዚህ ምን ይረዳል? የሦስት ወር ሕፃን ፊደል አይቈጥርምና የጤና ኬላን ሥራ ሊተካ አይችልም፤ የሚችለው ያመለጠውን መልቀም ነው። አንደኛ ክፍል ሲመዘገብ የክትባት ካርዱ ቢጠየቅ፣ የኩፍኝ ክትባት የቀረበት ልጅ ይታወቃል፤ ይህ ክትባት ዘግይቶም ቢሆን ይጠቅማል። ኩፍኝ እንዳይዛመት ከመቶ 95 ያህሉ መከተብ ስላለበት፣ ስድሳ ልጆች ባሉበት ክፍል ከሦስት በላይ ያልተከተቡ ቢኖሩ ለበሽታው በር ተከፈተ ማለት ነው። ካርዱ ጠፍቶ ቢያጠራጥር ደግሞ መከተብ አይጎዳም። (ከእኛስ ከተማሪዎቹ ካርዱን የሚያሳይ ስንት ይገኛል?) ካርድ የለህም ብሎ ልጁን ከትምህርት መመለስ ግን ጥፋትን በጥፋት ማከም ነው።

ይህ ባዶ ሐሳብ አይደለም። በ2011 ዓ. ም. የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት 14 ዓመት ለሆናቸው ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር ዋናው ስፍራ ትምህርት ቤት ሆነ። ልጅቱ በመመላለስ ፈንታ የጤና ባለሙያው የበረዶ ሣጥኑን ይዞ መጣ። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት ስላለበት፣ ብዙ ልጆችን በአንድ ሰዓት በአንድ ግቢ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ያን ጊዜ መርፌው በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ነበር፤ በኅዳር 2017 ዓ. ም. ግን ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት አንድ ብቻ ተሰጠ፤ ስለዚህ ሁለተኛውን ሳትወጋ የምትቀር አትኖርም። «መካን ያደርጋል» የሚለውን ወሬ ለማስተባበል፣ ወላጆችን በአገውኛ ከሚያነጋግር የአካባቢው መምህር የተሻለ ሰው አናውቅም።

ይሁንና መርፌው ትምህርት ቤትን ብቻ ከተከተለ የማትማረዋን ልጅ ይስታታል። ከ2015 ዓ. ም. ወዲህ በተነሣው ግጭት በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋልና፣ ጉዳዩ የጥቂቶች ብቻ አይደለም። በሩ ቢዘጋም የመምህሩ መዝገብ አለ፤ የልጆቹ ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ ተጽፎበታል። መዝገቡ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቢደርስ፣ ልጆቹን በየቤታቸው፣ በገበያና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ልትፈልጋቸው ትችላለች።