የአስፈሪ ፊልም ማስታወቂያ ፍርሃትን እንዴት ይፈጥራል?

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላል። የናፍቆት ነገር እንዲህ ሲሆን የፍርሃት ነገር ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ሰው ካየው አውሬ ይልቅ ያላየው ያስፈራዋል። በሲኒማ ቤት ደጃፍ የሚለጠፉትን የአስፈሪ ፊልሞች ማስታወቂያ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ይህን የሰው ጠባይ ጠንቅቀው ያውቁታል። እኛም ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ለማስረዳት ያሰብነው፣ ድምፅና እንቅስቃሴ በሌለው በአንድ ወረቀት ላይ ፍርሃት በምን ዘዴ እንደሚፈጠር ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአገራችን የቆየው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ክፉን ከደግ የሚለይበት የታወቀ ደንብ አለው። ቅዱሳን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ሲሣሉ፣ ከሓድያንና አጋንንት ግን ፊታቸው ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ስለዚህ ፊደል ያልቆጠረ ምእመን እንኳ ማን ምን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ያውቃል። የአስፈሪ ፊልም ማስታወቂያ ሠሪ ብዙ ጊዜ የሚሠራው የዚህን ተቃራኒ ነው። ምልክቱን ይሰውርና የጎደለውን ተመልካቹ በራሱ ሐሳብ እንዲሞላው ይተወዋል።

የዚህ ዘዴ አንድ የቆየ ምሳሌ በበርሊን ከተማ የታየው ነው። በ1920 ስለ ዶክተር ካሊጋሪ የሚተርከው የጀርመን ፊልም ከመታየቱ በፊት፣ «ካሊጋሪ መሆን አለብህ!» የሚል ማስታወቂያ በከተማው ተለጠፈ። ነገሩ ስለ ፊልም መሆኑን የሚገልጽ ቃል አልነበረበትም። ካሊጋሪ ማን ነው? ትእዛዙስ ከወዴት መጣ? መንገደኛው መልስ አላገኘም። በኋላ ግን ፊልሙን ያየ ሰው፣ ይኸው ቃል በግድግዳና በዛፍ ላይ እየታየ የእብዶች ሆስፒታሉን ሹም ሲያሳድደው ተመለከተ።

በ1973 የወጣውን «ዘ ኤክሶርሲስት» የተባለውን የሚስተር ዊልያም ፍሪድኪንን ፊልም ማስታወቂያ ያዘጋጀው ደግሞ ቢል ጎልድ ነው። ባርኔጣ ያደረገ አንድ ሰው ቦርሳ ይዞ በጉም ውስጥ ከመንገድ መብራት ሥር ቆሟል፤ ፊቱ አይታይም። ከፎቁ መስኮት የወጣ ብርሃን ወርዶ እርሱ ላይ ያርፋል። ምስሉ ከፊልሙ የተወሰደ ሲሆን፣ አቀራረጹ ቤልጅጋዊው ሠዓሊ ሬኔ ማግሪት «የብርሃን ግዛት» ብሎ ከሰየማቸው ሥዕሎች የመነጨ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተገልብጧል። ብርሃን የደኅንነት ምልክት መሆኑ ቀርቶ ክፉው መንፈስ ካለበት ክፍል ይወጣል። እኛን የሚያስፈራን ጥቁር ጥላም ሕፃኒቱን ሊረዳ የመጣ ካህን ነው።

በ1975 የወጣው የ«ጆውስ» ማስታወቂያ ግን አውሬውን አልደበቀም። ሮጀር ካስቴል የሣለው ይህ ሥዕል መጀመሪያ የመጽሐፍ ሽፋን ነበር። ከላይ አንዲት ትንሽ ሴት ትዋኛለች፤ ከታች ሻርክ የተባለው የባሕር አውሬ ጥርሱን አግጦ ወደ ላይ ይወጣል፤ መጠኑም ከልክ ያለፈ ነው። ታዲያ የተደበቀው ነገር የት አለ? ከዋናተኛዋ ተደብቋል። እርሷ አታውቅም፣ እኛ እናውቃለን፤ ልንነግራት ግን አንችልም። የሚያስጨንቀንም ይኸው ነው።

በ1979 የወጣው የሚስተር ሪድሊ ስኮት «ኤሊየን» ማስታወቂያ በጥቁር መደብ ላይ ከታች ተሰንጥቆ አረንጓዴ ብርሃን የሚያፈልቅ እንቁላል ያሳያል። በፊልሙ ውስጥ ያለው እንቁላል እንደ ቆዳ ያለ ልባስ ያለው፣ ከአናቱ የሚከፈት ነው፤ የማስታወቂያው ግን የዶሮ እንቁላል ይመስላል። በየማድ ቤቱ የሚገኝ ነገር እንግዳ ሲሆን፣ ፍርሃቱ ከተመልካቹ ጋር ወደ ቤቱ ይገባል።

እስከዚህ ድረስ ያልነው ስለ መዝናኛ ነው፤ የሚጠፋውም የመግቢያ ዋጋ ብቻ ነው። ነገር ግን ይኸው ጥበብ ለሌላም ሥራ ይውላል። በ1ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካዊው ሠዓሊ ሃሪ ሆፕስ ለጦር ሠራዊት ምልመላ በሣለው ማስታወቂያ፣ የጀርመን ወታደር የራስ ቁር የደፋ ጎሪላ ዱላ ይዞ፣ ሴት ታቅፎ አሜሪካ ዳርቻ ላይ ቆሟል። የአስፈሪ ፊልም መልክ አለው፤ ነገር ግን አውሬ ተደርጎ የተሣለው ሕዝብ በእውነት ያለ ሕዝብ ነበር። የፊልሙ ፍርሃት መብራት ሲበራ ያበቃል፤ በዚህኛው የተነሣሣው ወጣት ግን የሄደው ወደ ጦር ሜዳ ነው።

ስለዚህ ተማሪውም ሆነ በየቢሮው ማስታወቂያ የሚያወጣው ወጣት ሹም፣ አስፈሪ ሥዕል ሲያይ ጥቂት ቆም ብሎ ቢመረምር ይጠቅመዋል። ብርሃኑ ከየት መጣ? ማን ትልቅ፣ ማን ትንሽ ሆኖ ተሣለ? የማንስ ፊት ተሸፈነ? እነዚህን የጠየቀ ሰው በፊልሙ መደሰቱን አያጣም። በጎረቤቱ ላይ የአውሬ መልክ ተሥሎ ሲቀርብለት ግን ሥዕሉን ከማመኑ በፊት የሠዓሊውን ዓላማ ይጠይቃል።