የበዓል ድረ ገጽ በተጠቃሚ ዓይን ሲፈተሽ

የጥበብ ወይም የባህል ዝግጅት የሚያስተዋውቅ ድረ ገጽ ያማረ መሆኑ ብቻ ለእንግዳው ይጠቅማል ማለት አይደለም። ጠቀሜታው የሚለካው «የአጠቃቀም ፍተሻ» በሚባለው ዘዴ ሲሆን፣ ይህም ገጹን አይቶት ለማያውቅ ሰው አንድ ተግባር ሰጥቶ የት እንደሚደናገር ጣልቃ ሳይገቡ መከታተል ነው። «ወደዱት ወይ?» የሚለው ጥያቄ ግን ይሉኝታ የወለደውን ምስጋና ከማስገኘት አያልፍም። የዘርፉ ባለሙያ ያኮብ ኒልሰን በ2000 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ 5 ሰዎችን መፈተሽ 85 በመቶ ያህሉን ችግር ሊያሳይ ይችላል፤ ተጠቃሚዎቹ እጅግ የተለያዩ ከሆኑ ግን ከየወገኑ መፈተሽ ያስፈልጋል።

ይህ ማሳሰቢያ አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ አማርኛም በፊደል ጎን ለጎን ለሚነበቡባቸው ለአዳማና ለቢሾፍቱ እጅግ ተገቢ ነው። በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ከመስቀል በኋላ ለሚከበረው ኢሬቻ የሚዘጋጅ ገጽ «3 ሰዓት» ብሎ ብቻ ቢጽፍ፣ ጠዋት ማለቱ እንደሆነ የአገሬው ሰው ሲረዳ፣ ከውጭ የመጣው እንግዳ ግን ከሰዓት በኋላ መስሎት 6 ሰዓት ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው የፍተሻ ተግባር ቀኑን፣ ሰዓቱንና ከአዳማ የሚያደርሰውን መጓጓዣ በእጅ ስልክ ፈልጎ ማግኘት ቢሆን ይመረጣል።