ከሰባራ ድልድይ ማዶ፦ ዓባይን ማን ያሸማግላል?

«ግብፅንና እኛን የሚያሸማግል ማን ነው?» ሲሉ የጠየቁት ከሞጣ ገበያ የሚመለሱ አንድ አዛውንት ናቸው። በፋሲል ዘመን የተሠራውና ጎጃምን ከጎንደር ያገናኘው የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ጦርነት መሐሉ ከፈረሰ በኋላ ሰው ለብዙ ዓመታት ዓባይን በገመድ እየተጎተተ ይሻገር እንደነበር ያስታውሳሉ። «ወገብህን ታስረህ ትንጠለጠላለህ፤ ከታች ዓባይ ያጓራል። ገመዱን የያዘውን የማዶ ሰው አታውቀውም፤ ግን ታምነዋለህ» ይላሉ። «እሱም አይለቅህም።»

በአገሮች መካከል ይህ እምነት አልነበረም። በ1868 ዓ.ም. የከዲቭ ኢስማኤል ጦር የኢትዮጵያን ምድር ወርሮ ጉንደትና ጉራዕ ላይ በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ድል ተነሣ። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ ግብፅና ሱዳን ውኃውን ተከፋፈሉ፦ 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ። የውኃው 85 በመቶ ያህል የሚመነጭባት ኢትዮጵያ ለድርድሩ እንኳ አልተጠራችም።

የናይል ተፋሰስ ኢኒሼቲቭ በ1991 ዓ.ም. ዳሬሰላም ላይ ሲመሠረት የተፋሰሱ አገሮች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። በግንቦት 2002 ኢንቴቤ ላይ ለፊርማ የቀረበው የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ስድስተኛዋን አጽዳቂ፣ ደቡብ ሱዳንን፣ አግኝቶ ሥራ ላይ የዋለው ጥቅምት 3 ቀን 2017 ነው። አሥራ አራት ዓመት ፈጀ!

ኢትዮጵያ ዓባይ ላይ የምትሠራው የሕዳሴው ግድብ ሊሞላ ሲል ግብፅ ጉዳዩን ወደ ጸጥታው ምክር ቤት ወሰደች። የአፍሪካ ኅብረት ሰኔ 2012 ላይ በወቅቱ ሊቀመንበሩ በሲሪል ራማፎዛ መሪነት ድርድሩን ተረከበ። በመስከረም 2014 ምክር ቤቱ ራሱ ሦስቱ አገሮች፣ ኢትዮጵያ፣ ሱዳንና ግብፅ፣ በኅብረቱ መሪነት ወደሚካሄደው ድርድር እንዲመለሱ ጠየቀ። ኅብረቱ የመራው የኪንሻሳው ንግግር በመጋቢት 2013 ያለ ውጤት ተበትኖ ነበር፤ ሆኖም ግድቡ ከተጀመረ ወዲህ በሦስቱ አገሮች መካከል በውኃው ሰበብ ጥይት አልተተኮሰም። ይህን የኅብረቱ ሥራ ብቻ ማለት ማጋነን ነው፤ ኅብረቱን ከንቱ ማለት ግን ግፍ ነው።

ድርቅ ቢመጣ ምን ያህል ውኃ እንደሚለቀቅ የሚወስን የሦስትዮሽ ስምምነት ዛሬም የለም። ድርድሩ መቼ እንደሚቀጥል የተጠየቁ አንድ ባለሥልጣን «ጊዜው ሲደርስ ይገለጻል» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል። አሁን ኅብረቱ ሦስቱን አገሮች መጥራት ያለበት ዝናብ ደህና እያለ፣ ድርቁ ሳይመጣ ነው።