ያውቁ ኖሯል? ኮንትሮባንድ ያወጣው የሩጫ መንገድ

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ዛሬ ሰው ለመዝናናት የሚሮጥበትን የባሕር ዳርቻ መንገድ ረግጠው ያወጡት ስፖርተኞች አይደሉም። በ19ኛው መቶ ዘመን የነበሩ የጠረፍ ጠባቂዎች ናቸው፤ ቀረጥ ሳይከፈልበት በጀልባ የሚገባውን መጠጥና ትምባሆ ለመያዝ በእግራቸው ሲዞሩ። ኮንትሮባንዲስት የትም ሊደበቅ ስለሚችል፣ ጠባቂው ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ከሥሩ ያለችውን ስርጉድ ሁሉ ቁልቁል ማየት ነበረበት። መንገዱ አቋራጭ የማያውቀው፣ ጠርዝ ጠርዙን ይዞ የሚጥመዘመዘው ለዚህ ነው።

ከማይንሄድ እስከ ፑል ወደብ 1,014 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። «ባሕር ዳር አይደል፣ ሜዳ ነው» ብሎ የተነሳ ሯጭ ግን ጉድ ይሆናል። ጅረት ወደ ባሕር በወረደበት ሁሉ መንገዱም አብሮ ይወርዳል፤ ድልድይ ተሻግሮ፣ ጉልበት በሚያብረከርክ ደረጃ እንደገና ሽቅብ። ዳገቱ ሲደመር ወደ 35,000 ሜትር ይጠጋል። ከባሕር ጠለል ተነስቶ ራስ ዳሸንን ሰባት ጊዜ ከመውጣት ይበልጣል! ደግነቱ፣ አብዛኛው ሯጭ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቆንጥሮ ነው የሚመለሰው። መንገድ እንዳይስት ደግሞ በየእንጨት ምሰሶው ላይ አንዲት የኦክ ዛፍ ፍሬ ምልክት አለችለት።